ስፖርት ሞተር ሳይክልን ለሩቅ መንገድ ማሰናዳት

ስፖርት ሞተር ሳይክል ለረጅም መንገድ አይሆንም ብሎ የሚከራከረኝ ሰው አይጠፋም። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ይሆናል፣ ግን የቀኑን ርቀት የሚወስኑላችሁ ሁለት ጌቶች አሉ፤ የነዳጅ ታንካችሁና የእጅ አንጓችሁ። እነሱን ሳታማክሩ ካርታ ላይ መስመር ብታሰምሩ ሁለተኛው ቀን ላይ ሞተሩን ትረግማላችሁ፤ ሞተሩ ግን ጥፋት የለበትም።

እኔ የምነዳው 600 ሲሲ፣ ባለ አራት ሲሊንደር ነው። መሪው ዝቅ ብሎ የተተከለ፣ የእግር መርገጫው ወደ ኋላና ወደ ላይ የወጣ፣ መቀመጫው ስፖንጅ አለው ለመባል ያህል ብቻ የተሸፈነ ነው። የዚህ ዓይነቱን ሞተር የነደፉት መሐንዲሶች ያሰቡት ስለ ጥምዝምዝ መንገድና ስለ ውድድር ሜዳ ነው፤ ሻንጣ ትዝም አላላቸው። ስለዚህ ዝግጅቱ ከሌላው ዓይነት ሞተር ይበዛል፤ በተለይ በሰውነት፣ በጎማ፣ በካቴናና በጭነት በኩል። የቀረውን ቶሎ ቶሎ አልፈዋለሁ።

የቀኑን ርቀት መወሰን

የስፖርት ሞተሮች ታንክ ብዙውን ጊዜ ከ16 እስከ 18 ሊትር ይይዛል። ያማሃ አር 6 17 ሊትር ነው፤ ትልቁ ሱዙኪ ሃያቡሳ እንኳ 20 ሊትር ገደማ ነው። ሞተራችሁ በ100 ኪሎ ሜትር 6 ሊትር ቢጠጣ፣ 17 ሊትር በወረቀት ላይ 280 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ወረቀቱን አትመኑት። የንፋስ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከፊት የሚመጣ ንፋስና ከኋላ የተጫነ ሻንጣ ሲጨመሩበት ስሌቱ ይፈርሳል። የራሳችሁን ቁጥር ፈልጉ፤ ታንኩን ሞልታችሁ፣ ሻንጣውን ጭናችሁ፣ በጉዞው ላይ በምትነዱበት ፍጥነት 100 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ እንደገና ሙሉ። የገባው ሊትር የእናንተ ቁጥር ነው። እኔ ከሁለት ሦስተኛው ርቀት በኋላ ማደያ ካየሁ አላልፍም።

ደስ የሚለው ነገር፣ ታንኩ እና አንጓው የሚደክሙት በተቀራራቢ ሰዓት መሆኑ ነው። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ሳይወርዱ መንዳት በዚህ አቀማመጥ ጀግንነት አይባልም። በየ120 እና 150 ኪሎ ሜትሩ ቁሙ፤ ውረዱ፤ ሄልሜቱን አውልቁ፤ ተራመዱ። በጥሩ አስፋልት ላይ በቀን ከ400 እስከ 500 ኪሎ ሜትር ለእኔ በቂ ነው። አይረን በት አሶሲዬሽን የተባለው የአሜሪካ ማኅበር በ24 ሰዓት ውስጥ 1,000 ማይል፣ ማለትም 1,609 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ለጨረሰ ሰው ምስክር ወረቀት ይሰጣል። በስፖርት ሞተርም ያደረጉት አሉ፤ አከብራቸዋለሁ፣ አልከተላቸውም።

መንገድ ስትመርጡ ሌላም ነገር ተመልከቱ። የእነዚህ ሞተሮች ሆድ ከመሬት የሚርቀው 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሥሩ ያሉት የጭስ ማውጫ ቧንቧዎችም ለድንጋይ ቅርብ ናቸው። አቋራጭ የተባለ ጠጠር መንገድ ካለ ዙሩን ምረጡ። ብዙዎቹ ሞተሮች የተሠሩት ለ95 ኦክቴን (ኦክቴን ቤንዚኑ ሞተሩን ሳያንኳኳ የመቃጠል አቅሙ መለኪያ ነው) ቤንዚን ስለሆነ፣ ራቅ ባለ ቦታ ዝቅተኛውን ብቻ ካገኛችሁ ቅዱ፣ ግን ጋዙን በርጋታ ስጡ፤ ሞተሩ በከባድ ማርሽ ሆኖ ሲንኳኳ ከሰማችሁ ማርሽ ቀንሱ።

ሰውነት

አንጓ የሚታመመው መሪው ዝቅ ስላለ ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ብዙ ነው። የበለጠው ጥፋት የደረታችንን ክብደት በእጃችን መሸከማችን ነው። ክብደቱን መያዝ ያለባቸው ጭንና ሆድ ናቸው። ታንኩን በጉልበታችሁ ጨምቃችሁ ያዙት፤ ክርናችሁን እጠፉት፤ እጃችሁ መሪው ላይ ይረፍ እንጂ አይደገፍ። ፈተናው ቀላል ነው፤ ቀጥ ባለ ባዶ መንገድ ላይ ሁለቱን ክርኖቻችሁን ወደ ላይና ወደ ታች አወዛውዙ። ካልተወዛወዙ ተደግፋችኋል ማለት ነው። በታንኩ ጎንና ጎን የሚለጠፈው ሻካራ ላስቲክ ጉልበት እንዳይንሸራተት ስለሚያደርግ፣ ለዚህ ሞተር ከሚገዙት ትናንሽ ዕቃዎች ሁሉ የማስቀድመው እሱን ነው።

ጀማሪ የማይጠብቀው ነገር ደግሞ አለ። በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ንፋሱ ደረትን ከፍ አድርጎ ስለሚይዝ አንጓ ያርፋል። አንጓን የሚፈጀው ከተማ ነው፤ ቀስ እያሉ፣ ፍሪሲዮን እየጨበጡ፣ እየቆሙ መሄድ። በተጨማሪም በፕላስቲክ የተሸፈነው ሞተር ሙቀቱን የሚተፋው ጭናችሁ ላይ ነው። ስለዚህ ትልልቅ ከተሞችን ሥራ በሚገባበትና በሚወጣበት ሰዓት እንዳታቋርጡ የመነሻ ሰዓታችሁን አስተካክሉ።

የፍሬንና የፍሪሲዮን መያዣዎቹን አቅጣጫ ፈትሹ። በመንጃ አቀማመጣችሁ ሆናችሁ ጣታችሁን ስትዘረጉ፣ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር መሆን አለበት። አንጓ ወደ ላይ ከተሰበረ መያዣው ከፍ ብሏል፤ ብሎኑን አላልታችሁ ዝቅ አድርጉት። ጋዙ ላይ የሚሰካውን የመዳፍ ማሳረፊያ ፕላስቲክ ግን አልወደውም። ሰው ብዙ ያመሰግነዋል፤ እኔ ጠባብ ቦታ ላይ ስዞር ሳላስበው ጋዝ የሚሰጥ ነገር በመሪዬ ላይ አልፈልግም።

ከጉዞው ከአንድ ወር በፊት የሆድና የጀርባ ጡንቻ ማሠራት ጀምሩ። በክርን ተደግፎ ሰውነትን እንደ ሳንቃ ቀጥ አድርጎ መቆየት ይበቃል፤ ጂም መሄድም አያስፈልግም። አንገትንም አትርሱ፤ ወደ ፊት አጎንብሶ ቀና ብሎ ማየት የሚጎዳው እሱን ነው። ከፍ ያለ የንፋስ መከላከያ ማስገባት ለአንገትም ለደረትም እረፍት ይሰጣል።

የጆሮ መድፈኛ ያለ ድርድር ያዙ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ በሄልሜት ውስጥ ያለው የንፋስ ጩኸት ጆሮን የሚጎዳ ደረጃ ላይ ይደርሳል፤ ሄልሜቱ ውድ መሆኑም አይለውጠውም። ቀን ሙሉ ያንን የሰማ ሰው ማታ የሚሰማው ድካም ግማሹ ከጆሮ የመጣ ነው። ልብስ በተመለከተ፣ ወገቡ ላይ በዚፕ የሚገናኝ ባለ ሁለት ክፍል ቆዳ ከአንድ ወጥ ቱታ ይሻላል፤ ለምን እንደሆነ መጸዳጃ ቤት ስትገቡ ይገባችኋል። ከውስጥ የምትለብሱት ነገር መቀመጫችሁ ላይ ወፍራም ስፌት አይኑርበት።

ጎማ

ለውድድር የተጠጋ ለስላሳ ጎማ ገጥማችሁ ከሆነ ሁለት ችግር ይጠብቃችኋል። አንደኛ፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መሃሉ ብቻ እየተበላ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ወደ ጎን ሲጋደም እንደ ልማዱ አይታዘዝም። ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ በዝናብና በብርድ ቶሎ አይሞቁም። ለጉዞ የሚሆነው ስፖርት ቱሪንግ የሚባለው፣ ለጥምዝምዙም ለሩቅ መንገዱም የታሰበው ዓይነት ነው፤ ሚሼሊን ሮድ፣ ፒሬሊ ኤንጅል ጂቲ፣ ሜትዝለር ሮድቴክ የመሳሰሉት። ከእነዚህ ብዙዎቹ የኋላ ጎማቸው መሃሉ ጠንካራ፣ ጎንና ጎኑ ለስላሳ ጎማ ነው፤ ቀጥታውን መሃሉ ይችለዋል፣ ጥምዙን ጎኑ ይይዘዋል። ይህን ጎማ መግጠም ሞተሩን ያሳንሰዋል የሚል ወጣት ካጋጠማችሁ፣ ርጥብ አስፋልት ላይ ከኋላችሁ አስከትሉት።

ጎማው አዲስ ቢመስልም ዕድሜውን አንብቡ። በጎኑ ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ የተጻፉት አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2324 ካለ በ2024 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ አቆጣጠሩ የአውሮፓውያን ነው። በጥርሶቹ መካከል ያሉትን ትናንሽ የመበላት ምልክቶችም ተመልከቱ። ጎማው ወደ ምልክቱ ከተጠጋ በመንገድ ላይ እንደሚያልቅ ቁጠሩት፤ ከቤት ቀይራችሁ ውጡ። ሩቅ ቦታ ላይ የ180 ወይም የ190 ስፋት ያለው የኋላ ጎማ ፍለጋ መዞር የጉዞውን ደስታ ያጠፋዋል።

ነፋሱን የምትለኩት ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ለብዙ የስፖርት ሞተሮች መመሪያው የሚያዘው ከፊት 36፣ ከኋላ 42 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ነው፤ የእናንተው የኋላውን ጎማ በያዘው ማወዛወዣ ክንድ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ወይም በመጽሐፉ ላይ አለ። ውድድር ሜዳ ላይ ነፋስ ቀንሶ መንዳት የለመደ ሰው ያንን ልማድ ቤቱ ይተወው። ሻንጣ የተጫነበት፣ ነፋሱ ያነሰ ጎማ በረጅም መንገድ ላይ እየታጠፈ እየተዘረጋ ይግላል፤ መጨረሻውም አያምርም።

የእነዚህ ሞተሮች ጎማዎች ካላማዳሪያ ስለሌላቸው ሚስማር ቢገባባቸው ራሳችሁ ልትደፍኑት ትችላላችሁ። መሰርሰሪያ፣ ማስገቢያ፣ ማጣበቂያ የተቀባ ገመድና መቁረጫ ያለው ትንሽ መሣሪያ፣ ከባትሪ የሚሠራ ትንሽ የነፋስ መሙያም ያዙ። በጋዝ የተሞሉትን ትናንሽ ጣሳዎች የሚመርጡ አሉ፤ እነሱ ሲያልቁ አለቁ፣ መሙያው ግን አያልቅም። የሚደፈነው መሬት የሚነካው የጎማ ክፍል ብቻ ነው። ጎኑ ከተቀደደ አትሞክሩት። የደፈናችሁትንም ቢሆን እስከሚቀጥለው ጎሚስታ ድረስ ቀስ ብላችሁ የምትደርሱበት አድርጉት።

ካቴና

ስፖርት ሞተር መሃል ማቆሚያ የለውም፤ የጎኑ እግር ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ቤት ውስጥ በማንሻ ላይ ሆኖ በምቾት የሚቀባ ካቴና፣ መንገድ ላይ ራስ ምታት ይሆናል። ዘዴው ይኸው ነው፤ ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ማርሹን ነፃ አድርጋችሁ፣ የሚታየውን የካቴና ክፍል ቀቡ፣ ሞተሩን ግማሽ ሜትር ያህል ግፉት፣ የሚቀጥለውን ቀቡ። ጎማው ዙሮ ካቴናው እስኪያልቅ ጥቂት ጊዜ ትገፋላችሁ። ሞተሩን አስነስታችሁ ማርሽ አስገብታችሁ ጎማው እየዞረ አትቀቡ፤ ጣታቸውን በካቴናውና ካቴናው በሚጠመጠምበት ባለ ጥርስ ብረት መካከል ያጡ ሰዎች በዚህ መንገድ ነው ያጡት።

ካቴናው በየማያያዣው ውስጥ ቅባት የሚይዙ ትናንሽ የላስቲክ ቀለበቶች አሉት። ቤንዚን ያበላሻቸዋል፤ ለማጽዳት ነጭ ጋዝና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃሉ። የሽቦ ብሩሽ አታስጠጉት። የምትቀቡት በየ500 ኪሎ ሜትሩ ነው፤ ዝናብ ካገኛችሁ ደግሞ ርቀቱን ሳትቆጥሩ በዚያው ማታ። ጥሩው ሰዓት ሞተሩን እንዳቆማችሁ ካቴናው ሞቅ እያለ ነው፤ ዘይቱ ሌሊቱን ሰርጎ ይገባል፣ ጠዋት ቸርኬው ላይ አይረጭም።

ውጥረቱን ስትለኩ አንድ ቦታ ላይ ለክታችሁ አትርኩ። ጎማውን እያዞራችሁ በብዙ ቦታ ለኩ፤ ከሌላው ይልቅ የሚጠብቅ ክፍል አይጠፋም፤ የሚለካውም እዚያ ላይ ነው። የምታጠብቁት ከመጫናችሁ በፊት ከሆነ፣ ሻንጣና ሰው ሲጨመር የኋላው ክፍል ዝቅ ብሎ ካቴናውን የበለጠ እንደሚወጥረው አስቡ። ከተፈቀደው ልክ ወደ ላላው ጠርዝ ጠጋ አድርጉት። የላላ ካቴና ይጮኻል፤ የጠበቀ ግን ዝም ብሎ የማርሽ ሳጥኑን ኩሽኔታ ይበላል። የፊትና የኋላ ጥርሶቹ ጫፋቸው ሾሎ ወደ አንድ ወገን ከተጣመመ ካቴናውንም ጥርሶቹንም በአንድ ላይ ቀይሩ።

ፈሳሾችና ሌሎች

የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል፤ ሁለት ዓመት ካለፈው ለውጡት። የፍሬን ሸራው 2 ሚሊ ሜትር ከቀረው የጉዞው ሸራ አይደለም። የሞተር ዘይት ስትለውጡ ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 የሚል (ለሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን የሚስማማ ዘይት ምልክት) ፈልጉ፤ ለመኪና የተሠራው ዘይት በዘይት ውስጥ የሚሠራውን ፍሪሲዮን ሊያንሸራትት ይችላል። ባትሪው ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ደህና ነው፤ ሞተሩ ጋዝ ተሰጥቶት ሲሠራ ከ13.5 እስከ 14.5 ባለው ውስጥ ካልሆነ የኃይል መሙያውን ክፍል ሳታስመረምሩ አትውጡ። የራዲያተሩን ወንፊት ከነፍሳትና ከጭቃ አጽዱት።

ጭነት

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለሞተር ሻንጣ ይመስለኛል።

በመጀመሪያ የጀርባ ቦርሳ ተዉ። ጀርባ ላይ ያለ ክብደት በትከሻ አልፎ የሚያርፈው ያው አንጓ ላይ ነው። ጥሩው ጥንድ በተሳፋሪው መቀመጫ ላይ የሚታሰር የጭራ ቦርሳና የታንክ ቦርሳ ነው። የታንክ ቦርሳ ሌላም ጥቅም አለው፤ ልብስ ሞልታችሁ ለስላሳ ካደረጋችሁት ደረታችሁን ታሳርፉበታላችሁ፣ አንጓችሁም ያመሰግናችኋል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ታንኩ ላይ ማግኔት ሞክሩ፤ ብዙ ታንኮች አሉሚኒየም ናቸው፣ ወይም በፕላስቲክ ተሸፍነዋል፣ ማግኔት አይይዛቸውም። ከያዘም ከሥሩ አሸዋ እንዳይኖር በየጊዜው ጥረጉ። ከጫናችሁ በኋላ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙሩት፤ ቦርሳው ጡሩምባውን ወይም የማጥፊያውን ቁልፍ መጫን የለበትም።

የጎን ቦርሳ ያሰበ ሰው የማርሚታውን አቅጣጫ ያጥና። አብሮኝ ይጓዝ የነበረ አንድ ባልንጀራዬ ወደ ላይ የሚወጣ ማርሚታ ባለው ሞተር ላይ የጨርቅ ቦርሳ ሰቅሎ ወጣ። ቦርሳው ቆሞ ሳለ ከማርሚታው በደንብ ይርቅ ነበር። መንገዱ ላይ ጉድጓድ በተመታ ቁጥር ግን ዝቅ እያለ ይነካው ኖሮ፣ ማታ ላይ የቦርሳው ሥር ከአንድ ሱሪ ጋር ቀልጦ ተጣብቆ አገኘነው። እስከ ዛሬ ያ ሱሪ ሲነሳ ይቆጣል።

ከባዱ ዕቃ ወደ ታችና ወደ ጀርባችሁ ይጠጋ፤ ቀላሉ ወደ ጭራው ይሂድ። ጭራ ላይ የተሰቀለ ክብደት የፊቱን ጎማ ያቀልለዋል፣ ሞተሩም ጥምዝ ላይ ወደ ውጭ ይሸሻል። ብዙዎቹ የስፖርት ሞተሮች ነጂውን፣ ልብሱን፣ ተሳፋሪውንና ዕቃውን ጨምሮ የሚፈቅዱት ክብደት ከ180 እስከ 190 ኪሎ ገደማ ነው። ብቻዬን ስጓዝ ሻንጣው 15 ኪሎ እንዳያልፍ እመዝነዋለሁ። ማሰሪያውን በተሳፋሪ መርገጫ ማያያዣና ከመቀመጫው ሥር ባለው ብረት ላይ እሰሩ፤ ፍሬቻና ፕላስቲክ ላይ አይሁን። የሚለጠጥ መረብ ብቻውን አይታመንም። የማሰሪያውን ትርፍ ጫፍ ጠቅልላችሁ በፕላስተር አጣብቁት፤ ተንጠልጥሎ ካቴና የሚይዘው ጫፍ ጎማ ሊያስቆም ይችላል።

ከጫናችሁ በኋላ የኋላው ሾክ አብዞርበር ሞላ ውጥረት መጨመር አለበት። ካልተጨመረ ጭራው ይሰምጣል፤ መሪው ይከብዳል፤ ማታ መብራታችሁ የሚያበራው መንገዱን ትቶ የመጪውን መኪና ሹፌር ዓይን ነው። አንድ አደጋ ደግሞ ቆማችሁ ሳላችሁ ይመጣል፤ የሰመጠ ሞተር በጎን እግሩ ላይ ሲቆም ከወትሮው ቀጥ ስለሚል በትንሽ ግፊት ወደ ሌላው ወገን ይወድቃል። ውጥረቱን አስተካክሉ፣ የምታቆሙበትንም ቦታ ምረጡ። በሙቀት የለሰለሰ አስፋልት ላይ ከእግሩ ሥር ጠፍጣፋ ነገር አስቀምጡ። አፍንጫውን ወደ ቁልቁለት አድርጋችሁ አታቁሙ፤ የተጫነ ስፖርት ሞተር ወደ ኋላ ሽቅብ አይገፋም፣ መሪውም ጠባብ ስለሆነ ለማዞር አያመችም።

መሣሪያና ጥቃቅን ነገር

ከመቀመጫው ሥር ያለው ቦታ የመዳፍ ያህል ነው። ለእሱ የሚመጥኑትን ምረጡ፤ የአለን ቁልፎች፣ የ8፣ 10፣ 12 እና 14 መፍቻ፣ የኋላውን ጎማ ዳዶ የሚፈታ መፍቻ፣ ትንሽ ፒንሳ፣ መለዋወጫ ፊውዝ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያ፣ ፕላስተርና የግንባር ባትሪ። የካቴና ዘይት ትንሹን ጣሳ። መለዋወጫ ቁልፉ በጃኬታችሁ የውስጥ ኪስ ይሁን፤ ሻንጣው ውስጥ ያለ ቁልፍ ሻንጣው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ስልክ በመሪ ላይ የምታስሩ ከሆነ ንዝረት የሚውጥ ማያያዣ ተጠቀሙ። አፕል በ2021 ባወጣው ማሳሰቢያ የኃይለኛ ሞተር ሳይክል ንዝረት የአይፎን ካሜራን ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ስልኩ ደግሞ በዝናብና በፀሐይ ግለት ሊጠፋ ስለሚችል የቀኑን መንገድ በወረቀት ጽፋችሁ በታንክ ቦርሳው ላይ ባለው ግልጽ ኪስ ውስጥ አስቀምጡ።

ከመነሳት በፊትና መንገድ ላይ

አዲስ ጎማ፣ አዲስ ሸራ፣ አዲስ ካቴና ሁሉ ከመነሳታችሁ ሁለት ሳምንት በፊት ገብቶ ያለቀ ይሁን። የዋዜማ ምሽት ብሎን የሚፈታበት ጊዜ አይደለም። በመካከሉ ሙሉ ጭነቱን ጭናችሁ፣ ሙሉ ልብሳችሁን ለብሳችሁ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ደርሳችሁ ተመለሱ። የሚያሳክከው ኮሌታ፣ የሚንሸራተተው ቦርሳ፣ የሚደነዝዘው ትንሹ ጣት ሁሉ በዚያ ቀን ራሱን ያሳያል። ስትመለሱም ያልነካችሁትን ዕቃ ከሻንጣው አውጡ።

በመነሻው ቀን ከ20 ወይም 30 ኪሎ ሜትር በኋላ አንድ ጊዜ ቁሙና ማሰሪያዎቹን እንደገና አጥብቁ፤ ዕቃው እየተናጠ ስለሚረጋ ያለ ጥርጥር ይላላሉ። ማታ ካረፋችሁበት ቦታ ወደ ክፍላችሁ ሳትገቡ ካቴናውን ቀቡ፣ ጎማው ላይ የተሰካ ነገር እንዳለ በእጃችሁ ዳስሱ፣ የፍሬን ሸራውን እዩ። የሞተር ዘይቱን ግን ሞተሩን በጎን እግሩ ላይ እንዳለ አትለኩ፤ አንድ ሰው ቀጥ አድርጎ ይያዝላችሁ፣ ደረጃው በሞተሩ ጎን ባለው ትንሽ የዘይት ማያ መስኮት መሃል ላይ ከሆነ ይበቃል። የጎማውን ነፋስ ለጠዋት ተዉት።